የተበሳችው ስሙኒ

እውነቱ ሱሉልታ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። ሚስማር፣ ቀለም፣ ሲሚንቶ ይሸጣል፤ አሸዋም በመኪና ያስመጣል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶት ለምን እንዳላገባ ለሚጠይቅ ሰው፣ መልሱ ከባንኮኒው ሥር ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። አሮጌ ሳንቲም ይሰበስባል። እኩዮቹ እሑድ ኳስ ሲያዩ እሱ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ይወለውላል። ደግሞ በዓይኑ ብቻ አይጠግብም፤ መዳሰስ፣ መዳፉ ላይ ማሞቅ ይወዳል። ሴቶች ይህን አይተው ቢሸሹ አይፈረድባቸውም።

ጥቅምት ላይ የጣቶቹ ጫፍ ይሻክር፣ ያሳክክ ጀመር። ሲሚንቶው ነው ብሎ ናቀው።

አሸዋ የሚያመጣለት ሹፌር ኦቦ ደገፋ አመሉን ያውቃል። ከጫንጮ በላይ ካለው ወንዝ አሸዋ ሲጫን ሳንቲም ከተገኘ ለእሱ ይዞለት ይመጣል።

“አካም ጅርታ፣ እውነቱ” አለው አንድ ጠዋት። “ዛሬ አንበሳ ይዤልሃለሁ፤ ሻዩ ባንተ ነው።”

የ1969 ስሙኒ ነበረች፤ የአንበሳ ራስ ያለባት፣ ከጠርዟ ጠጋ ብላ በሚስማር የተበሳች። የተበሳ ሳንቲም ሰብሳቢ አይፈልገውም። እውነቱ ግን ወደዳት። ቀኑን ሙሉ በጣቱ ሲያዟዙራት ዋለ፤ ማታ ወደ ቤት ሲሄድም ቆርቆሮው ውስጥ አልከተታትም፣ ሱሪው ኪስ ውስጥ ነበረች።

በሦስተኛው ቀን ሸሚዙን ሲያወልቅ ደረቱ መሐል ክብ ቅላት አየ። ከላይ በኩል የምስር ፍሬ የምታክል ያልቀላች ነጥብ አለች። ስሙኒዋን አውጥቶ ለካት። ልክክ አለች፤ ቀዳዳዋም ነጥቧ ላይ ዋለ። ደረቱ ላይ ሳንቲም አስቀምጦ አያውቅም። ፈራ፤ ሐኪም ፈለገ።

ቡራዩ ያገኛት የቆዳ ሐኪም ዶክተር ሲድራ ትባላለች። የትኛው ብረት እንደማይስማማው ለማወቅ ጀርባው ላይ የየብረቱን ዓይነት ለጥፋ በሁለተኛው ቀን አየችለት።

“ኒኬል ነው” አለችው። “ሳንቲሞችህ ውስጥ አለ። ለዓመታት ዝም ያለ ቆዳ አንድ ቀን በቃኝ ይላል። ከዚህ በኋላ መንካት የለብህም።”

“ደረቴንስ መቼ ነካኝ?”

“አንዳንዴ ድሮ የተነካ ቦታ አብሮ ይነሳል። አንተ ብትረሳ ቆዳህ አይረሳም። በሕፃንነትህ አንገትህ ላይ ብረት ታስሮልህ ነበር?”

እሱ የሚያውቀው የእንጨት መስቀሉን ብቻ ነው። እናቱ ብረት አንገቱ አጠገብ እንዲደርስ ፈቅዳ አታውቅም።

በነጋታው ጠዋት ማሳከኩ ድንገት ቆመ። እፎይ ብሎ ሱቅ ገባ። ረፋድ ላይ የሲሚንቶው ክምር ተናደና ዘወትር የሚቆምበትን ቦታ ደፈነው፤ ስልክ ሊያነሳ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ነበር። አቧራው ሳይሰክን ደረቱ እንደገና ያሳክከው ጀመር።

ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ እናቱ ወዳለችበት ወደ ጫንጮ ወጣ። ማሪቱ የደረቱን ክብ ስታይ ቁጭ አለች።

“ከወንዝ ነው የወጣችው?” አለች፣ እሱ ገና ስለ ሳንቲም አፉን ሳይከፍት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እውነቱ የገዛ ታሪኩን በዚያ ቀን ሰማ።

“ካንተ በፊት ሦስት ቀብሬያለሁ። አንዱም አርባ ቀን አልሞላው። የጎረቤቴ የእትዬ ሃዋ ልጆች ግን ሁሉም ያድጉ ነበር። ልጅ የማይቆምላት እናት እንደምታደርገው፣ በስሙኒ ሸጥኩህ። የሚፈልግህ ሞት ሲመጣ የማሪቱ ልጅ የለም፤ የሃዋ ልጅ ነህ፣ እኔ ሞግዚት ነኝ። መሸጥህ እንዲታይ ስሙኒዋን በስተው አንገትህ ላይ ያሰሯት እሳቸው ናቸው። ሁለት ዓመት ሲሞላህ ወንዝ ጣልኳት። ዋጋው ተመልሶ እጅህ ከገባ ግን ሽያጩ ፈረሰ ማለት ነው።” ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። “የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።”

“ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እማዬ።”

“እሱ ዕድሜ አይጠይቅም። እትዬ ሃዋ እንደገና ይግዙህ።”

ሃዋ አሁን ሰበታ ልጃቸው ዲኖ ዘንድ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። እናትና ልጅ ቅዳሜ ሲደርሱ ምንጣፉ ላይ የዲኖ ልጅ ሚንሃ ትድሃለች፤ ዓመት አልሞላትም። ሃዋ ስሙኒዋን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት፤ ቀዳዳዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

“እሷ ናት” አሉ።

ማሪቱ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። “እትዬ፣ እንደገና ይግዙልኝ።”

“እገዛዋለሁ። ያኔም ገዝቼዋለሁ።” ሴትየዋ ፊታቸውን ወደ እናቱ አዞሩ። “ማሪቱ፣ ልጄን የህያን ታስታውሺዋለሽ?”

“በትኩሳት ያለፈውን? እንዴት እረሳዋለሁ፤ አብሬዎት አልቅሻለሁ።”

“ያንቺን በገዛሁ በዘጠነኛው ቀን ነው። ልጅ ፈልጎ የመጣ ባዶ እጁን አይመለስም። እንዳታዝኚ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።”

ማሪቱ ቀና ማለት አቃታት። ሚንሃ የአያቷን ቀሚስ ይዛ ቆመችና ወደምታብለጨልጨው ነገር እጇን ዘረጋች። እውነቱ ያን ጊዜ ነው ደረቱን ያስታወሰው። ሃዋ ስሙኒዋን ከተቀበሉት ጀምሮ አላሳከከውም። ሲሚንቶው የተናደውም እንዲሁ ማሳከኩ በቆመበት ጠዋት ነበር።

ጎንበስ ብሎ ስሙኒዋን ከሃዋ መዳፍ አነሳት። ወዲያው ደረቱ እንደተለበለበ ሁሉ ነደደ።

“ይተዉት፣ እማማ” አለ። “ሁለተኛ እዚህ ቤት አልሸጥም። ዲኖ፣ ክር አለህ?”

ዲኖ ነገሩ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ክሩን ግን አመጣለት። እውነቱ ስሙኒዋን አንገቱ ላይ አሰረና ሸሚዙን ቆለፈ። በመመለሻቸው ታክሲ ውስጥ ማሳከኩ ሲቆም ምን እንደሚመጣ ለእናቱ ነገራት፤ እጁን እንደያዘች ሱሉልታ ደረሱ።

የብስኩት ቆርቆሮውን ለኦቦ ደገፋ ሰጠው። ዶክተር ሲድራ የተላጠውን ደረቱን አይታ ተቆጣች፤ ያቺን ሳንቲም አውልቅ ብላ ለመነችው፣ ቅባትም ጻፈችለት። ቅባቱን አልገዛም። ሌሊት እያሳከከው ሲነቃ ደስ ይለዋል፤ ተገላብጦ ይተኛል።

ማሪቱ በየጠዋቱ ትደውላለች። ደህና አደርክ አትለውም።

“ያሳክክሃል?”

“ያሳክከኛል።”

“ተመስገን” ትልና ትዘጋለች።