የአሻግሬ ድርሻ

ግንቦት ሲገባ ከነቀምቴ ወደ ዲጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎራው ይበስላል። ጎራ የዱር እንጆሪ ነው፤ መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲበስል ይጠቁራል፣ እሾሁ ግን መቼም አይለዝብም። አሻግሬ፣ ሞረዳና ኩማ ከተማሪነታቸው ጀምሮ በዚህ ወር አንድ ቅዳሜ እየመረጡ ይወጡ ነበር። ደንብም አላቸው። ማንም ለራሱ አይለቅምም፤ አንዱ የሌላውን መዳፍ ይሞላል። የቀረ ጓደኛ ካለ ድርሻው በዋንዛ ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀመጥለታል።

ዓምና አልወጡም። ሞረዳ የሰው መልክ እየጠፋው ነበር። ዘንድሮማ ልጁ ድርቤ እንኳ አንዳንድ ቀን እንግዳ ትሆንበታለች። ኩማን ጎረቤቱ ስለሆነ አልረሳውም። አሻግሬን ግን ካወቀው ቆየ።

አሻግሬ ወላጆቹ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ሰው ነው። ለትምህርት ወደ ከተማ ሲመጣ ያስጠጋው የሞረዳ ቤት ነበር፤ ኦሮምኛም የተማረው አብረው ጎራ ሲለቅሙ ነው። «ጎራው ጋ ከወሰድኩት ያውቀኛል» አለ።

«ዝናብ ሳይመጣ መልሱልኝ» አለች ድርቤ፣ የአባቷን ጋቢ እያስተካከለች። «ሳንባው ብርድ አይችልም። ባለፈው እንዴት እንደተረፈ አይታችኋል።»

ባጃጅ ይዘው ሄዱ። ሞረዳ ቁጥቋጦው ጋ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው እሾሁን በክንዱ ገፋ አድርጎ መልቀም ጀመረ። ጣቱ አልተሳሳተም፤ ቀዩን ትቶ ጥቁሩን ይነቅላል። የኩማን መዳፍ ሞላለት።

«አየኸው?» አለ ኩማ አሻግሬን። «ካንተ ይሻላል። አንተ ይኸው ሸብተህም ቀዩን ነው የምትለቅመው።»

«ዝም ብለህ ብላ፣ ሆዳም!»

አሻግሬ መዳፉን ዘረጋ። ሞረዳ መዳፉን አየ፤ ከዚያ ፊቱን አየ።

«ለእርስዎ በኋላ፣ ኦቦ» አለ ሞረዳ በትሕትና። «መጀመሪያ ለአሻግሬ ላስቀምጥለት። እሱ ሁልጊዜ እንደዘገየ ነው።»

«ሞረዳ፣ አሻግሬ እኮ እኔ ነኝ።»

ሞረዳ ሳቀ። «አሻግሬ ጎረምሳ ነው። እርስዎ ሽማግሌ ነዎት።»

አሻግሬ አብረው ይተኙበት ስለነበረው አንድ አልጋ አነሳ። ያባረራቸውን ውሻ፣ ሞረዳ ለፈተና ያዋሰውን ጫማ አስታወሰው።

«ይሄን ሁሉ ነገረዎት?» አለ ሞረዳ። «ወሬ አያድርበትም እሱ!»

ኩማ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

በዲጋ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ባለ ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። ሞረዳ በዋንዛ ቅጠል የጠቀለለውን የአሻግሬን ድርሻ በጉያው ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አሻግሬ ሳይመጣ አልሄድም። መጥቶ ቢያጣንስ?»

በሁለት በኩል ያዙት። ሞረዳ ጮኸ፤ እግሩን መሬት ላይ ተከለ። ስለዚህ ለቀቁት። ሳል ጀመረው። የመጀመሪያው ጠብታ ጋቢው ላይ አረፈ።

«ቤት ነው ያለው በለው» አለ ኩማ በአሻግሬ ጆሮ።

«አንተ በለዋ።»

«እኔን ቀልደኛ ነህ ይለኛል፤ አያምነኝም። አንተን እንግዳ ነው ብሎ ያምንሃል።»

አሻግሬ ይህን ካለ በገዛ አፉ ራሱን ካደ። ዝናቡ ግን እየበረታ ነበር። «አንተ» ሊለው አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም።

«አሻግሬ ቤትዎ ገብቷል» አለ። «እዚያ ይጠብቅዎታል።»

«ታዲያ ቀድመው አይነግሩኝም?» አለ ሞረዳና ተነሣ።

ባጃጁ ውስጥ በመሃላቸው ተቀመጠ። ጥቅሉን ወደ ኩማ በኩል አሸሸው።

ድርቤ በር ላይ በፎጣ ተቀበለቻቸው። ሞረዳ አላስጠርግ አላት። ገብቶ ጓዳውን አየ፣ ተመልሶ ሳሎኑን አየ።

«የታል አሻግሬ?»

ድርቤ አሻግሬን አየችው። ኩማ መሬት መሬት አየ።

«ይመጣል» አለ አሻግሬ።

ሞረዳ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ። የጎራው ውሃ ከቅጠሉ ወጥቶ ጉልበቱ ላይ ይንጠባጠባል። መንገዱን ለማየት አንገቱን ወዲህም ወዲያም አሰገገ፤ አሻግሬ በሩ ላይ ቆሟል።

«ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ሞረዳ። «ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፤ ሲመጣ እንዳይጋርዱብኝ።»

አሻግሬ ፈቀቅ አለ።