ታች የሌለው ሐይቅ

ከሳጉሬ በላይ ያለው ሐይቅ ታች የለውም ይባላል። ዋቅቶላ ይቺን ወሬ ከማንም በላይ ይወዳታል። ሥራው የሥጋ ቤቶቹን አንጀትና ፈርስ በጋሪ ወስዶ መቅበር ነው። ግን ማን ይቆፍራል? አንጀቱን በሞላበት ማዳበሪያ ውስጥ ድንጋይ ይጨምርና ሐይቁ ዳር ካለው ገደል ጫፍ ወደ ውኃው ጧ! "ዋጠው! ሆዱ የማይሞላ!" እያለ እየሳቀ ይመለሳል። ሁለት ዓመት እንዲህ።

ዘንድሮ ዳናዊት የምትባል መሐንዲስ ሐይቁን ልትለካ ከአሰላ መጣች። ቀዛፊ ስትፈልግ "ውኃውን እንደ ዋቅቶላ የሚያውቀው የለም" አሏት። እምቢ ቢል ይጠረጠራል። ከታወቀበት ደግሞ ሳጉሬ ዱላ ይዞ ነው የሚወጣው። ቀዘፈ።

ጀልባዋ ላይ ያሰረችው መሣሪያ ድምፅ ወደ ታች ይልክና ሲመለስለት ጥልቀቱን ይጽፋል።

"ዘጠኝ ሜትር... ዘጠኝ... ስምንት ተኩል..."

"ታች አለው እንዴ?" አለ ዋቅቶላ፣ መቅዘፉን አቁሞ።

"የሌለው ሐይቅ የት አይተሃል?"

ገደሉ ሥር ሲደርሱ ቁጥሩ ዘሎ ሦስት ላይ ቆመ። "ይሄ ደግሞ የምን ጉብታ ነው?"

"ድንጋይ ነው! በደንብ አውቀዋለሁ፣ ጎረቤቴ ነው።"

"እንግዲያው ጎረቤትህን እንየው" አለችና የብረት መንጋጋ በገመድ ለቀቀች።

የወጣው ድንጋይ አልነበረም። የማዳበሪያ ቁራጭ፣ የሚዝለገለግ ጥቁር አንጀት፣ ፀጉሩ ያልረገፈ የበሬ ጆሮ። ግማቱ አፍንጫ አልፎ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ዳናዊት ጠርዙ ላይ ተደፍታ አስታወከች። ዋቅቶላም ከገዛ እጁ ሥራ ፊቱን አዙሮ ወደ ዳር ቀዘፈ።

ዳር ላይ እናቱ ጠጂቱ ሻይ በፔርሙስ ይዛ ትጠብቃለች። ዳናዊት የወጣውን የከተተችበትን ባልዲ አስቀምጣ ኩባያ ተቀበለች።

"እማማ፣ ውኃውን ከየት ቀዱት?"

"ከዚሁ ነዋ ልጄ፣ ሌላ ምን አለን?"

ዳናዊት ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"አንቺም ልክ እንደ ልጄ አትጠጪም" ሳቀች ጠጂቱ። "የቤት ውኃ ከተወ ሁለት ዓመቱ ነው። ጨጓራዬ እያለ ለስላሳ ብቻ..."

ሳቋ ቆመ። ባልዲውን አየች። በየቀኑ ጋሪው ላይ የምታየውን ማዳበሪያ አየች። ልጇን አየች።

"ሁለት ዓመት ስጠጣ ዝም ብለህ ታየኛለህ?"

"እማዬ፣ ታች የለውም ሲሉኝ እኮ..."

"ታች ከሌለው ለምን አልጠጣህም?"

እናቱ ኩባያውን አንስታ አፉ ላይ ደቀነችው። ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል፤ ከቅርንፉዱ ሥር ያ ጆሮ አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ጨለጠው።

እስኪውጥ ቆማ ጠበቀችና ደገመችለት።