ግድግዳ የሌለው ማድ ቤት

ድስቱን የመጣ የሄደው ሁሉ እያየው፣ ሰው ምኑን በልቶ ሊያድር ነው?

እማማ የትነበርሽ ከጧት ጀምሮ ራሳቸውን የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። አዘዞ ከሚገኘው አሮጌ ቤታቸው ጎን፣ ልጃቸው ላቀው አዲስ ቤት ጀምሯል። በፕላኑ ላይ ሳሎኑና ማድ ቤቱ አንድ ናቸው፤ መካከላቸው ግድግዳ የለም። ግንበኛው አላምረው ደግሞ ቁርጡን ተናግሯል። «ግድግዳ ካላችሁ ዛሬውኑ ንገሩኝ፣ ሲባጎ ልወጥርለት። ነገ መሠረቱ ከተሞላ በኋላ እኔ የለሁበትም።»

እማማ እንዴት አይጨነቁ? ላቀው ልጅ ሳለ ሰው ፊት በልቶ ስንቴ ሆዱን ታመመባቸው! በነጠላቸው እየጋረዱ ነው አብልተው ያሳደጉት።

ከላቀው ጋር ምሳ ላይ ሳሉ የልጅ ልጃቸው ዳግማዊት እያለከለከች ገባች።

«እምዬ፣ አሸነፍሽ!» ቦርሳዋን ወረወረችው።

«ምነው? ማንን?»

«ከክፍል ልጆች ጋር ፋሲል ግቢ ነበርን። አዳራሹ ለብቻ፣ ለሕዝቡ። እልፍኙ ለብቻ፣ ለቅርብ ሰው። ምግቡ የሚሠራው ወዲያ ራቅ ብሎ! ደግሞ አስጎብኚው ምን አለን መሰለሽ? ንጉሡ ሲበላ መጋረጃ ይጋረድ ነበር። ማንም አያየውም!»

የእማማ ልብ ዘለለ። «ሰማህ ላቀው? ንጉሥ እንኳ ዓይን ይፈራል!»

ላቀው እያላመጠ ሳቀ። «እኛ ምን ቤት ነን እማ? ደሞስ ሚስቴ ጓዳ ተዘግታ ጭስ ከምትውጥ፣ እየሠራች ከእንግዳ ጋር ብትጫወት ምን አለ?»

«ትጫወት! ሸጋ መስኮት አውጣላት፣ አንገቷን ብቅ አድርጋ ትጫወት። ድስቱ ብቻ አይታይብኝ!»

«ተይው እምዬ» አለች ዳግማዊት ስልኳን እያነሳች። «አባዬ፣ አንድ ጊዜ ጉረስ። በአዲሱ ቤት አበላላችን እንዲህ ነው ብዬ ለዘመድ ሁሉ ልላከው።»

ስልኩ ገና ወደ እሱ ሳይዞር፣ ላቀው የእናቱን ነጠላ ጫፍ ሳብ አድርጎ ከነጉርሻው ተጋረደ።



«መጋረጃ!» ዳግማዊት እየጮኸች ዘለለች።

«ይብሉ ጃንሆይ!» አሉ እማማ፣ በሳቅ እንባቸው እየፈሰሰ። «ይብሉ፣ ማንም አያይዎት!»

ላቀው ከነጠላው ሥር ቀስ ብሎ ወጣ። ቀና ብሎም አላያቸው። እጁን ታጠበ፤ አላምረው በሩ ሥር ያስቀመጠውን ጥቅል ሲባጎና ሁለት ችካል አነሳና ወደ እሱ ወጣ።