የቆመበትን የማያስታውስ ማጫወቻ

ማጫወቻው የቆመበትን አያስታውስም፤ የመረጠችው ደግሞ እሷ ናት።

ይህን ያወቀችው በአባቷ ለቅሶ ሦስተኛ ቀን ነው። ሳሎኑ በተውሶ ወንበር ተጨናንቋል። እናቷ ሶፋው ጥግ ተቀምጣ «እንዴት ሞተ?» ለሚላት ሁሉ ያንኑ ትመልሳለች፤ «ቁርሱን በልቶ፣ ጫማውን እያሰረ።» ልጅቱ ሻይ ማደል ሲሰለቻት የአባቷን ማጫወቻ ከኮቱ ኪስ አውጥታ ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ሰካች።

«ምዕራፍ አንድ» አለ ተራኪው።

ትንሽ ወደፊት አሳልፋ አጠፋችው፤ መልሳ ከፈተችው። «ምዕራፍ አንድ።» የአሥራ ሁለት ሰዓት መጽሐፍ ባንድ ፋይል ተጭኖ፣ በጠፋ ቁጥር ከሀ ይጀምራል።

«ሬዲዮ ይይዛል እንዴ እሱ ነገር?» አላት አጎቷ።

«አይይዝም።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«እኔም እሱን እያጣራሁ ነው።»

የገዛችው ከስምንት ወር በፊት ነበር። አባቷ አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግን ኖሮ ዓይኑ ሲደክም፣ የቆጩት ሰዓቶቹ ሳይሆኑ መጻሕፍቱ ናቸው። ሻጩ ሁለት ዕቃ አቀረበላት፤ አንዱ ጡብ የሚያህል፣ ሌላው ስስና ብርማ።

«ለዘፈን ነው?»

«ለትረካ።»

«ያው ነው» አላት።

ያው መሆኑን መጠየቅ ነበረባት። ግን ስብሰባ ረፍዶባታል፤ ጡቡም አስቀያሚ ነው። ስሱን ወሰደች። ከዚያ በኋላ በስልክ «መጽሐፉስ እንዴት ነው?» ስትለው «እየሄድኩ ነው፣ ቀስ ብዬ» ይላት ነበር።

ወዴት ነበር የሚሄደው? ስምንት ወር ሙሉ መግቢያውን ብቻ ሲሰማ ከርሞ እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። ማልቀሱ ይደርሳል።

«እማዬ፣ አባዬ ይሄን ነገር እንዴት ነበር የሚያዳምጠው?»

«በጆሮው ነዋ» አለች እናቷ።

የሳቀችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ከአባቷ ጋር አንዲት ሱቅ ለሁለት ተከራይታ አሥራ አምስት ዓመት ሠርታለች። ወንበሯን ጎትታ ቀረበች።

«ጋሼ እኮ ይቆጥሩ ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምን?»

«ሴኮንድ። ማሳለፊያዋን ተጭነው አንድ ሲሉ አንድ ደቂቃ ታልፋለች፤ ደርሰውበታል። ሰዓት ሠሪ ናቸው፣ ቁጥር አይዛነፍባቸውም። ማታ የሰሙትን ይደምሩና ለእኔ ይነግሩኛል፤ እኔ በጠመኔዬ ግድግዳው ላይ እጽፋለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ ስል ጸሐፊ አደረጉኝ።»

«ለምን አልነገረኝም? በማግስቱ እቀይርለት ነበር!»

«እኔም ብያቸው ነበር። ‹ልጄ የመረጠችውን አልመልስም› አሉ። ኋላ ላይ ደግሞ ነገሩ የጣማቸው ይመስለኛል። ሰዓት የሚያመጣላቸው ሰው አልነበረም፤ ቢያንስ የሚቆጥሩት አገኙ።»

«የመጨረሻው ስንት ነው፣ እትዬ?»

«ስድስት መቶ አሥራ ሁለት።»

መጽሐፉ ሰባት መቶ ሃያ ደቂቃ ነው። መቶ ስምንት ቀርቶት ነበር።

ምን ላይ እንዳቆመ መስማት አማራት። ቁልፉን ተጭና መቁጠር ጀመረች። ዘጠና ስትደርስ አጎቷ «ስኳር የለም እንዴ?» አለ፤ ቁጥሩ ጠፋት። እንደገና ጀመረች። ሁለት መቶ ላይ አንዲት ጎረቤት ገብታ እያለቀሰች አቀፈቻት፤ ጣቷ ተንሸራተተ።

«ስንት ደረስሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ጠፋኝ።»

«እሳቸውም መጀመሪያ አካባቢ ይጠፋቸው ነበር፤ ሲናደዱ ብታዪያቸው! ሰው የሌለበት ሂጂ እንጂ፣ የኔ ልጅ።»

ማጫወቻውን አጥፍታ ከፈተችው። አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳርፋ ተነሣች፤ ማንም እንዳያስቆማት በሌላው እጇ የሻይ ትሪውን ከፊቷ አንሥታ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች በወንበሮቹ መሃል አለፈች።

«ወዴት ነው?» አለቻት እናቷ።

አሥራ አንድ ላይ ነበረች፤ መቁጠሯን ቀጠለች። ወጣችና በሩን በክርኗ ዘጋችው።