አበባውን የሚያናግሩ ሰዎች

ከፊልሙ ተቆርጠው የወጡት የንግግር ጽሑፎች በቅርጫቱ ውስጥ ተጠቅልለው ተጥለዋል። ቪዮላ ፕሬስኮት አንዱን ቁራጭ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀናችው። «አባዬ፣ መብራቱን አታጥፋብኝ» ይላል፤ ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ። ለዚህች ዓረፍተ ነገር ሦስት ቀን ደክማለች።

ሆሊውድ ውስጥ፣ ንግግራቸው ሸራው ላይ በጽሑፍ የሚወጣ ድምፅ አልባ ፊልሞችን መጻፍ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። እያንዳንዱን ጽሑፍ አስቀድማ የምታስነብበው ለልጇ ለኦፓል ነበር። ኦፓል በአራት ዓመቷ ትኩሳት ጆሮዋን ካደነቆረባት ወዲህ፣ እናት የምትጽፈው ለእነዚያ ሁለት ዓይኖች ነው። ልጅቷ አንብባ ካልጨረሰችው ታሳጥረዋለች።

«ሰው ማንበብ ሰልችቶታል፣ ቪዮላ» አለ የፊልሙ ባለቤት ሚስተር ሃልፐርን። «አሁን መስማት ነው የሚፈልገው።»

«ልጄስ?»

«ለአንቺ ልጅ ብቻ ፊልም አልሠራም እኮ!» የገዛ አፉ አሳፈረውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ከሰዓት ፓሳዴና ለሕዝብ እናሳየዋለን። ተመልካቹ በአስተያየት ካርዱ ላይ ጽሑፉ ይመለስ ካለ፣ እመልሰዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ከኦፓል ጋር ወደ ፓሳዴና ሲሄዱ፣ በትራሙ ላይ ቪዮላ እንደ ልማዷ ክፉ ክፉውን አሰበች። ትራሙ ሲገለበጥ፣ ፊልሙ ተቀጣጥሎ አዳራሹ በጭስ ሲታፈን ታያት። ሲኒማ ቤት ገብተውም በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ድሮ ሰው ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነብ ስለነበር አዳራሹ ሁሉ ያጉተመትማል፤ የኦፓልም ድምፅ ከዚያ ጋር ይቀላቀላል። ዛሬ ግን ሁሉም ጸጥ ብሏል። በሸራው ላይ አባትና ልጅ ገበታ ቀርበዋል። ድምፃቸውን የሚቀዳው ማይክሮፎን የተደበቀው በአበባ ማስቀመጫው ውስጥ ነውና ሁለቱም ወደዚያው አጎንብሰው ያወራሉ። ከንፈራቸው በአበባው ተጋርዷል።

«እማዬ!» አለች ኦፓል፣ ድምጿ ምን ያህል እንደጮኸ ሳታውቅ። «ለምንድነው ሁሉም አበባውን የሚያናግሩት?»

«ኧረ ዝም አሰኚያት!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። «እንስማ እንጂ!»

ቪዮላ የልጇን መዳፍ ይዛ የሚነገረውን በጣቷ ትጽፍላት ጀመር። «አባዬ» የሚለውን ሳትጨርስ ትዕይንቱ ተቀይሮ ሸራው ላይ ባቡር መጣ። ኦፓል እጇን ቀስ ብላ ወሰደች።

ድንገት አዳራሹ ሳቀ። ትንሽ ቆይታ ኦፓልም ሳቀች። ሁለተኛ ጊዜም እንዲሁ። ያኔ ቪዮላ አየች፤ የልጅቷ ዓይን ሸራው ላይ አልነበረም። አጠገቧ የተቀመጠውን ሰውዬ ትከሻ ነበር የምትጠብቀው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ትስቃለች።

መብራት በራ፤ ካርድና እርሳስ ታደለ። ቪዮላ በትልልቁ «ጽሑፉን መልሱልን» ብላ ጻፈችና ወደ ልጇ ዞራ፣ ከንፈሯን አጉልታ እያንቀሳቀሰች፣ «እውነቱን ጻፊ፣ እሺ?» አለቻት። ኦፓል የሰውየውን ካርድ በጎን አየት አድርጋ፣ የራሷን በክንዷ ከልላ ጻፈች። አጥፋም ለእናቷ ሰጠቻት።

በሩ ላይ አስተናጋጁ የካርድ መሰብሰቢያ ሣጥን ይዞ ቆሟል። ቪዮላ ካርዱን ገለጥ አደረገችው። በኦፓል ክብ ክብ ጽሕፈት፣ «በጣም አሳቀኝ። ምንም እንዳይቀየር» ይላል።

«ፊልሙን የጻፍሽው አንቺ ስለሆንሽ ነው» አለች ኦፓል። «ደስ አለሽ፣ እማዬ?»

«እመቤት፣ ይለፉ እንጂ! መንገድ ዘጉብን!» አለ ከኋላ የቆመ ሰው።

ቪዮላ ሁለቱን ካርዶች ይዛ ሣጥኑ ፊት እንደቆመች ቀረች። ኦፓል ቀና ብላ የእናቷን ከንፈር ትጠብቃለች።