ቅልጥም ውስጥ የገባው ብረት

ሂባቅ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ስልክ ትጠግናለች። የሞተ ስልክ ሲመጣላት ባለቤቱን መጀመሪያ የምትጠይቀው ከመሞቱ በፊት ምን ያደርግ እንደነበር ነው። እናቷ "ይቺ ልጅ በጥያቄ እንጂ በወተት አላደገችም" ይላሉ።

ነሐሴ ላይ፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በወረደ ማግስት፣ የተሳፈረችበትን ባጃጅ ድልድዩ አፍ ላይ ጭቃ አንሸራቶት ገለበጠው። ሾፌሩ ክርኑ ተልጦ ተነሣ። ሂባቅ ልትነሣ ስትል ግን ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች፣ እግር በማይታጠፍበት ቦታ ታጠፈ። ከሕመሙ በፊት የመጣባት ግራ መጋባት ነበር። የምታየው እግር የራሷ መሆኑን ለማመን ጥቂት ጊዜ ፈጀባት።

ሆስፒታል ራጅ አነሧት። ቅልጥሟ መሐል ለመሐል ተሰብሯል፤ ቆዳው ግን አልተቀደደም። እግሯን በጄሶ ደግፈው አስተኟት። በበነጋው የአጥንት ሐኪሙ ዶክተር ጥሩሰው መጣ። ከጎጃም የመጣ ሰው ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ትልቁም ትንሹም "አንተ" ሲለው ቅር መሰኘቱን ከተወ ሰንብቷል።

"አጥንትሽ ውስጥ ረጅም ብረት እናስገባለን" አላት። "ከላይና ከታች በብሎን እናስረዋለን። ቶሎ ትቆሚያለሽ።"

አልጋው ግርጌ የእናቷ ወንድም ዐብዲሻኩር ቆሟል። ሂባቅ በሶማሊኛው አጎቷን "አብቲ" ነው የምትለው። ዕድሜውን በጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሯል።

"ሁርሶ ያለ ወጌሻ ይሄን ክንዴን አስሮ አድኖኛል" አለ። "ብረት ለመኪና ነው።"

"ክንድህ እኮ አይዘረጋም፣ አብቲ።"

"ይዘረጋል።" ሊዘረጋው ሞከረ፤ ግማሽ ላይ ቀረ። "ለመሪ ይበቃል" አለና አወረደው።

ሂባቅ ወደ ሐኪሙ ዞረች። "ያንተስ? ያንተ ሥራ የት ጋ ነው የሚበላሸው?"

ዶክተር ጥሩሰውን በሽተኞቹ የሚጠይቁት "እድናለሁ ወይ?" ብለው ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቁስሉ ሊያመረቅዝ እንደሚችል፣ ጀርሙ ብረቱ ላይ ከሰፈረ ማስለቀቁ ከባድ እንደሆነ ነገራት። አጥንቱ አልገጥም ሊል ይችላል። ገጥሞም እግሩ ትንሽ ሊዞር ወይም ሊያጥር ይችላል። አልፎ አልፎም እግር ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ እሱ ይገድላል።

"አብዛኛው ሰው ግን ደህና ይሆናል" አለ።

"አብዛኛውን ተወው። ደህና ያልሆነ ሰው ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ላናግረው እፈልጋለሁ።"

ሐኪሙ ለሰውየው ደወለና ፈቃዱን ጠየቀ። ዐብዲሐኪም የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ከሥራ እንደወጣ መጣ፤ ያነክሳል። ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን ሳይሰቀቅ አሳያት። ጠባሳው እንደ ተጨማደደ ወረቀት ነበር።

"እዚህ ጋ መግል ወጣ" አላት። "ብረቱን አወጡት፤ አጥንቴን ጠረጉት። ከዚያ እግሬን ከውጭ በኩል በብረት ታስሬ ከረምኩ። አሁን ይሄኛው ከዚያኛው ያጥራል።"

"ነገ ሌላኛው ቢሰበር እዚሁ ትመጣለህ?"

ዐብዲሐኪም ሱሪውን እያወረደ አሰበ። "እመጣለሁ መሰለኝ። መግሉ ለምን እኔን እንደያዘኝ ዶክተሩን ጠይቄው ነበር። ስኳር ስላለብኝ ይሁን፣ እዚህ ይሁን፣ ቤት ከሄድኩ በኋላ ይሁን፣ አላውቅም አለኝ። ሌሎች ምክንያቱን የነገሩኝ ሰዎች ሁሉ ግን እናውቃለን ባዮች ነበሩ። አንዱ የሚያውቀው ከሌላው አይገጥምም እንጂ።"

ዐብዲሻኩር እስከዚያ ድረስ የሰውየውን ጫማ ነበር የሚያየው። የአንዱ ሶል ወፍሯል። "ይሄን ማን ሠራልህ?" አለው። ሁለቱ ስለ ጫማ እያወሩ እስከ በር ሄዱ። ሲመለስ ስለ ወጌሻው አላነሣም፤ ሂባቅም በማግስቱ ፈቃዷን ሰጠች።

ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ማደንዘዣ የምትሰጠው ሳቢሪን ወገቧ ላይ ወጋቻት። ከወገቧ በታች ሙቀት ወረደ፤ ከዚያ ምንም የለም። ደረቷ ላይ ጨርቅ ጋረዱባት። ሂባቅ ግን ቀና ስትል በትልቁ መብራት መስታወት ውስጥ አንድ እግር ወደ ላይ ተነሥቶ አየች። የእሷ እግር ተዘርግቶ የተኛ ነው የሚመስላት።

"ያ እግር የማነው?"

"ያንቺ ነው" አለች ሳቢሪን። "ከመደንዘዙ በፊት የነበረበትን ነው አእምሮሽ ይዞ የቀረው።"

"እስከ መቼ ይዞት ይቆያል?"

"እሱን ሲለቅሽ አንቺ ትነግሪኛለሽ።"

ከዚያ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። ሕመም የለውም፤ አልጋው ብቻ ወደ ራስጌዋ ይገፋታል። "መዶሻ ነው?" አለች። ከመጋረጃው ማዶ ዶክተር ጥሩሰው "መዶሻ ነው" አላት። መዶሻ መሆኑን ካወቀች በኋላ ትንፋሿ ረጋ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማደንዘዣው ሲለቃት መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት የጤነኛው የግራ እግሯ ጣቶች ነበሩ፤ ሳቢሪንን አስጠርታ ነገረቻት።

ቁስሉ ደህና ዳነ። ሂባቅ በክራንች ወደ ሱቋ ተመለሰች። ነገር ግን ወራት አልፈውም ስትረግጥ ያማታል፤ አዲሱ ራጅ ላይም በስብራቱ ቦታ ጥቁር መስመር አለ። አጥንቱ አልገጠመም።

"ብረቱ ከልክ በላይ አጥብቆ ይዞታል" አላት ዶክተር ጥሩሰው። "ሁለቱ ጫፎች እንዲጫጫኑ አንዱን ብሎን እናውጣ። ስትረግጪበት ይገጥም ይሆናል። ካልገጠመ ሌላ ሥራ ይጠብቀናል።"

"እስካሁን ቀስ ብለሽ ርገጪ ያልከኝ አሁን ጠንክረሽ ርገጪ ነው የምትለኝ?"

"አዎ። አጥንት መጀመሪያ ዕረፍት፣ ኋላ ሥራ ይፈልጋል። መቼ እንደሚቀይር ግን አይናገርም።"

ብሎኑ ወጣ፤ ሂባቅም ለምና ወሰደችው። ዐብዲሻኩር የብሎኑን ጥርስ በጥፍሩ እየቆጠረ አገላበጠው። "ከመኪናው ብሎን ይሻላል" አለ። ሂባቅ በየቀኑ በደቻቱ ድልድይ ላይ እየተመላለሰች እግሯን አስጨነቀችው። ክረምቱ ሳይገባ ጥቁሩ መስመር ጠፋ።

ክራንቹን ጥላ፣ ደስ ብሏት፣ ቤቷ ምንጣፍ ላይ ልትሰግድ ስትንበረከክ ግን ጉልበቷ ላይ እንደ ሚስማር ወጋት። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ያው ነበር። ለዶክተር ጥሩሰው ነገረችው።

"ብረቱ በጉልበት በኩል ስለሚገባ ያጋጥማል" አለ።

"ይሄን አልነገርከኝም።"

"አልነገርኩሽም።" ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። "ሰው ከተራመደ ዳነ ብዬ ነው የምቆጥረው። እንደ ጉዳት አላየሁትም። ካንቺ በፊት ስንቱ ወንበር ላይ እየሰገደ ዝም ብሎኝ ይሆን?"

"ብረቱ ቢወጣ ይተወኛል?"

"አንዳንዱን ይተወዋል፤ አንዳንዱን አይተወውም።"

"እኔ ከየትኞቹ ነኝ?"

"ካልወጣ አይታወቅም።"

ሂባቅ ጉልበቷን አሻሸች። እግሯ እንደገና ተከፍቶ የሚገኘው መልስ ለአሁኑ እንዲቆያት ወሰነች። ዶክተር ጥሩሰውም ከዚያ ወዲህ አዲስ በሽተኛ ሲመጣ ከምንም በፊት ኑሮው ላይ መንበርከክ ይኖርበት እንደሆነ ይጠይቃል።

በኢድ ጠዋት ሂባቅ ታጣፊ ወንበር ይዛ ወደ መስገጃው ሜዳ ሄዳ ከባልቴቶቹ ረድፍ ተቀመጠች። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ሰላቱ ሲያልቅ፣ በሶማሊኛው "ኤዶ"፣ አክስቴ፣ የምትላቸው ጎረቤቷ ሳሕራ ወደ ጉልበቷ ጎንበስ አሉ።

"እዚህ ውስጥ ነው ብረቱ?"

"ከዚህ ጀምሮ ወደ ታች፣ ኤዶ።"

አሮጊቷ መዳፋቸውን አስቀምጠው ጠበቁ። "ይቀዘቅዛል ብዬ ነበር" አሉ።

"እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አይቀዘቅዝም፤ እንደ ሌላው ገላዬ ነው።"

ኤዶ ሳሕራ እጃቸውን አላነሡም። "ስትሮጪስ ይንኳኳል?" ብለው ጠየቋት።

"ገና አልሮጥኩም" አለች ሂባቅ።