ቁራው እስኪወርድ

ጠጂቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩን ገፋ ስታደርግ የሟች ወንድ ልጅ ማንጌሽ ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ያንን ጡብ የሚያህል የስልክ ማውጫ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ነበር።

«ቀብር በሚለው ልፈልግ ወይስ ሂንዱ በሚለው?» ይላል በእንግሊዝኛ።

እህቱ ሚናል ከመስኮቱ ሳትዞር ሁለቱንም ሞክር አለችው።

ጠጂቱ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች። ሬክስዴል በሚባለው የስደተኞች ሠፈር ካሉት ፎቆች ባንዱ፣ ዘጠነኛው ላይ፣ እናት ከሞተች ገና ግማሽ ቀን ነው። የሚያለቅስ የለም፣ ፍራሽ መሬት አልወረደም፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ሆኪ ያሳያል። ለቅሶ ቤት ሳይሆን የጥርስ ሐኪም ተራ የሚጠበቅበት ክፍል ይመስላል። ይሁን፣ ሰው ሁሉ የየራሱ ወግ አለው። በሩ ላይ ያስቀራት ግን ማውጫው ነው። ከሰባት ሳምንት በፊት ሟቿ ሱሺላ በገዛ አፏ ያለችው ይህንኑ ነበርና።

ሁለቱ ሴቶች ከኤርፖርቱ አጠገብ፣ የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ላውንድሪ ውስጥ ስምንት ዓመት ፊት ለፊት ቆመው ሠርተዋል። ከመተኮሻው ማሽን የሚወጣውን አንሶላ አንዷ ወዲህ አንዷ ወዲያ ጫፉን ይዘው ያጥፉታል። ሱሺላ ከህንድ፣ ፑኔ ከሚባል ከተማ የመጣች፣ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጅ ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ነበረች። በሳሪዋ ላይ የልጇን ትልቅ ጃኬት ደርባ በአውቶቡስ ትመጣና ዩኒፎርሟን ትቀይራለች። ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች። ጠጂቱ ረቡዕና ዓርብ። አብረው በደንብ የሚበሉት ማክሰኞ ብቻ ስለሆነ ማክሰኞ የሠርግ ያህል ይዘው ይመጡ ነበር። እንግሊዝኛቸው የሁለቱም ስባሪ ነው፤ ስባሪው ግን ይገጥማል።

ያን ጠዋት ጠጂቱ ስለ ልጇ ስለ ባሮክ ስታማርር ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፣ በአማርኛ ስታናግረው በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲባል ሆዱን ያመዋል። ሱሺላ አንሶላውን እያጠፈች ሳቀች።

«የኔም ያንቺም አንድ ናቸው። እኔ ስሞት የስልክ ማውጫ ገልጠው ነው ምን እንደሚደረግ የሚፈልጉት። ያንቺውም፣ አንቺ ስትሞቺ፣ እንደ ግንድ ተገትሮ ይቀራል።»

ለሱሺላ ይህ ጨዋታ ነው። ጠጂቱ ግን ሟርት ሰማች። የገዛ ሞቷን በሰው አፍ፣ ያውም በጠዋት።

«ላንቺው ይሁን» አለቻትና አንሶላውን ለቀቀችው።

በዚያው ቀን አለቃቸውን ጠይቃ ወደ ፎጣው ክፍል ተዛወረች። ሱሺላ ሁለት ጊዜ ሻይ ይዛላት መጣች፤ ጠጂቱ ሻዩ ሲቀዘቅዝ እያየች ፎጣዋን አጠፈች። እልኸኛ ናት። እልኸኛ መሆኗን ታውቀዋለች፤ ማወቅና መተው ግን ለየቅል ነው። በሰባተኛው ሳምንት ሱሺላ አውቶቡስ ስትጠብቅ ልቧ ቀጥ አለና ወደቀች።

እና አሁን ማውጫው ተገልጧል። እርግማን አልነበረም፣ የአፍ ነገር ነው፣ ትላለች ለራሷ። ግን እነዚህ ልጆች እናታቸውን እንደነገሩ ከሸኟት ላንቺው ይሁን ያለችው ሁሉ ሆነ ማለት ነው። ይሄማ አይሆንም። ጫማዋን አወለቀች፣ ሄዳ ማውጫውን ከልጁ ጭን ላይ አንስታ ዘጋችው፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋች።

«አጎት የላችሁም? ህንድ ደውሉ» አለች።

ከዚያ በኋላ ከሠፈሯ ከዌስተን በየቀኑ በአውቶቡስ እየተመላለሰች ተቀመጠች። ሰው ይመጣል፣ አበባና ካርድ ያስቀምጣል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ይሄዳል። ከቤተ መቅደሳቸው የመጡ ሁለት ሴቶች እሷን አይተው ተንሾካሾኩ፤ ሠራተኛ ተቀጥራ መሆን አለበት ነው ነገሩ፣ አንደኛዋ የጠጣችበትን ብርጭቆ አቀበለቻት። ጠጂቱ ተቀብላ እዚያው እግሯ ሥር አስቀመጠችላት። በሦስተኛው ቀን ሬሳው ሲቃጠል ምላሷን ነክሳ ቆመች፤ ይህን ለንስሐ አባቷ እንዴት እንደምትነግራቸው እግዜር ያውቃል። አመዱ በሣጥን ሆኖ ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀመጠ።

ይበልጥ ያስመረሯት ግን የልጆቹ ጓደኞች ናቸው። እዚሁ ያደጉ ህንዶች፣ ሁሉም ሃያዎቹ ውስጥ፣ ከሥራ መልስ መጥተው ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንዷ ቦምቤይ ስትሄድ ባለሱቆቹ የፈረንጅ ዋጋ እንደሚጠሩባት፣ እዚህ ደግሞ ከየት ነሽ እንደምትባል ትናገራለች። ሌላው ልጅ ሆኖ ምሳህ ሸተተ ብለው ስለሳቁበት ሽንት ቤት ገብቶ ይበላ እንደነበር አወራ። ማንጌሽ ራሱ ባንክ ቤት የሚሠራው ማይክ በሚል ስም ነው። አንዱ ግማሽ ግማሽ ነን ይላል፣ አንዷ የለም እጥፍ ነን ትላለች፣ ይከራከራሉ። አመዱ ከራሳቸው በላይ ተቀምጦ። ጠጂቱ አንድ ቀን ቻለች፣ ሁለት ቀን ቻለች። በስድስተኛው ቀን የሻይ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠች።

«ስለ ራሳችሁ ኋላ ታወራላችሁ። ጊዜ አላችሁ። አሁን ስለ እሷ አውሩ።»

ማንጌሽ ሁልጊዜ ተማሩ ትለን ነበር አለ፣ ከዚያ ሌላ አልመጣለትም። ሚናል አንቲ፣ አንቺ ንገሪን አለቻት።

ጠጂቱም የምታውቀውን ነገረቻቸው። ማክሰኞን ነገረቻቸው። አለቃውን ፈገግ እያለች በአገሯ ቋንቋ ስትሰድበው እሱ ሁልጊዜ አመሰግናለሁ እንደሚላት ነገረቻቸው። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ አንዲት አስተማሪ ሱሺላን ጠርታ፣ እንዳይቸገሩ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሪያቸው ብላት ነበር። ሱሺላ እሺ አለች። እሺ ካለች አለች ነው፤ የማታውቀውን ቋንቋ ለልጆቿ ስትናገር፣ የምታውቀውን ለማሽኑ ስትዘፍንለት ኖረች። ሚናል በስድቡ ስትስቅ ነበር፤ እዚህ ላይ ሳቋ ተሰበረ። ለዚያ ቤት የመጀመሪያው ለቅሶ እሱ ነው።

ስለ ሰባቱ ሳምንት ግን ጠጂቱ ትንፍሽ አላለችም።

ቤቷ ገብታ ባሮክን ያዘችው። እኔ ብሞት ምን ታደርጋለህ አለችው። ባሮክ ዓይኑን ከቪዲዮ ጨዋታው ሳያነሳ «ማም፣ ፕሊዝ» አለ። ፊቱ ስትቆምበት ትከሻውን ነቀነቀ።

«አላውቅማ። ላንቺ ኮል አደርጋለሁ።»



በዘጠነኛው ቀን አጎትየው ከፑኔ ደወሉ። ነገ የተድቦለቦለ ሩዝ ወንዝ ዳር ይወሰድ፣ ቁራም ይጠበቅ አሉ። ቁራው ሩዙን ከነካ ሟች በሰላም ሄዳለች። እምቢ ካለ ልቧ ውስጥ የቀረ ነገር አለና የሚወዷት እየተነሡ ቃል ይግቡላት። ማንጌሽ የተባለውን ሁሉ ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፈ። ጠጂቱ ጆሮዋን አላመነችም። ኖኅ ቁራን ልኮት ቀልጦ ቀርቷል፤ እኛ ዘንድ ተልኮ ያልተመለሰ ሰው የቁራ መልእክተኛ ነው የሚባለው። እነዚህ ደግሞ መልስ ከሱ ይጠብቃሉ። ቢሆንም ዣንጥላዋን ይዛ ተከተለቻቸው።

ቅዳሜ ነው፣ ኅዳር፣ ሀምበር ወንዝ ዳር፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማንጌሽ የአባቱን ነጭ ልብስ ለብሶ የበረዶ ጃኬት ደርቦበታል። ሩዙን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጡ። ቁራ አልጠፋም፤ አንድ ደህና አድርጎ የጠገበ ቁራ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ላይ ተቀምጧል። ቀድመው የወረዱት ግን ከሐይቅ የሚመጡት ነጫጭ ወፎች ናቸው፤ ጠጂቱ እየሰደበች በዣንጥላዋ አባረረቻቸው። ውሻ የሚያናፍስ ሰውዬ ቆሞ አያቸው። ማንጌሽ ፊቱን በኮሌታው ሸሸገ።

ሚናል ቀረብ ብላ ትምህርቴን እጨርሳለሁ አለች። ቁራው ክንፉን አከከ። ማንጌሽ እህቴን አልተዋትም አለ። ምንም የለም። ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሥራ ቦታም ማንጌሽ እባላለሁ አለ። ቁራው ጀርባውን ሰጠው።

«ምን እያደረግን ነው?» አለ ማንጌሽ ጠጠሩን በእግሩ እየመታ። «ይሄን የተማርነው በስልክ ነው። ህንድ ህንድ እየተጫወትን ነው።»

«ታዲያ ሳንጫወት የምናደርገው የቱን ነው?» አለችው ሚናል።

የመኪና ማቆሚያው ሰዓት ሊያልቅ ነው አለ። ከፈለግህ ሂድ አለችው። ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ ከሩዙ በላይ ቆመው ይነታረኩ ጀመር። ጠጂቱ ጮሃ ልታስቆማቸው ነበር። ከሦስቱ አንዷ፣ እሷ ራሷ፣ እስካሁን ለሱሺላ አንድም ቃል እንዳልገባች ግን ከሷ በቀር የሚያየው አልነበረም። በቁራ አታምንም። ልጆቹ ወደ መኪናው ከዞሩ ግን ነገሩ እንዲሁ መቅረቱ ነው።

«የቀረው የኔ ነው» አለች።

በዚያው በስባሪ እንግሊዝኛዋ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ግንድ የተባለውን፣ ላንቺው ይሁን ያለችውን፣ ፎጣውን፣ ሻዩን። አላሳመረችውም።

«በእናታችሁ ላይ ሞት ተናገርኩ። ይቅርታ ሳልላት ሄደች።»

ሚናል እጇን አፏ ላይ አደረገች። ማንጌሽ ወደ ወንዙ ዞረ።

«እኛንም ያንኑ ስትለን ነው የኖረችው» አለ። «እኔ ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ፣ አንቲ? እንግዲያው ሳትሞቺ ጽፈሽ አስቀምጪልን አልኳት።» አፍንጫውን በአባቱ ነጭ እጅጌ ጠረገ።

ቁራው አሁንም አልወረደም። ሚናል ፖስታውን አውጥታ ታችኛዋን መስመር አነበበች። ጨርሶ እምቢ ካለ ከሣር ቁራ ሠርታችሁ በሱ አስነኩት ይላል።

«ይሄን ከመጀመሪያው አትነግሩኝም?» አለች ጠጂቱ። «እግሬ እንጨት ሆነ እኮ።»

ከወንዙ ዳር የደረቀ ሣር ነጨች። ልጅ ሆና ስፌት ትሰፋ ነበርና ጣቷ አልረሳውም፤ ገላ አበጀችለት፣ አንገቱን ጠምጥማ አሰረች፣ አፉን አሾለችው። ቁራ አይመስልም፤ ቢበዛ ጫጩት ነው። ለማንጌሽ ሰጠችው። ማንጌሽ ተቀብሎ አየውና መልሶ መዳፏ ላይ አኖረው።

«አንቺ አድርጊው» አለ።

አማተበች። ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበረከከች፣ የሣሩን አፍ ወደ ሩዙ አስጠጋች፣ «ሱሺላ» አለች። ሣሩ እርጥበት ይዞ ነበርና ሩዙ ጋ ሳይደርስ ታጠፈ። በጥርሷ ነክሳ አቀናችው፣ እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ አስነካችው።